የአዴ ዘይነባ ክምር

ሰው መቼም የዋህ ነው፤ ሽልማትን የሚያስበው ታታሪ ሰው ፍለጋ አገር ላገር እንደሚዞር ደግ ሽማግሌ አድርጎ ነው። እኔም እንደዚያው ሳስብ ኖሬያለሁ። አንድ ሰው ይለፋል፣ ይለፋል፣ አንድ ቀን መንግሥት ቀና ብሎ ያየውና ሜዳልያ ይሰካለታል ብዬ። እውነቱን የተረዳሁት በደርግ ጊዜ፣ ጅማ፣ ቡና መጋዘን ውስጥ ለቃሚ ሆኜ ስሠራ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ደብዳቤ ነው። ሰውየው በኋላ ይፈለጋል።

ለቀማ ምን እንደሆነ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ከአጋሮና ከጎማ በጆንያ የመጣው ቡና ፊታችን ይዘረገፋል፤ እኛ ሴቶች መሬት ላይ ተደርድረን ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን እየለቀምን ወደ ጎን እንጥላለን። ደህናው ባሕር ማዶ ይሄዳል። ውዳቂው አገር ውስጥ ይቀራል። ጠጥታችሁታል፣ ታውቁታላችሁ።

ከጎኔ የሚቀመጡት አዴ ዘይነባ ነበሩ። “አዴ” የሚባሉት ለአክብሮት ነው፤ እኛን ሁሉ ለቀማ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው፤ ወላጅ የሌላቸውን ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንም የሚያሳድጉት በዚሁ ሥራ ነው። ችግሩ ዓይናቸው ነበር። ሞራ ጋርዶት ጥቁሩ ፍሬ ከደህናው አልለይ ብሏቸዋል። አዲሱ የመጋዘን ኃላፊ ደግሞ ገና ሲገባ የፎከረው ባንድ ነገር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ውዳቂዋ ትንሽ የሆነች ሴት ትሰናበታለች። ስለዚህ እሱ ፊቱን ባዞረ ቁጥር እኔና በሌላው ጎናቸው የምትቀመጠው ብርቄ ከየውዳቂያችን እፍኝ እፍኝ እየዘገንን አዴ ዘይነባ ክምር ላይ ጣል እናደርጋለን። እሳቸውም የፍሬውን ድምፅ ሲሰሙ በቀስታ “ጀዛከላህ፣ አላህ ይክፈላችሁ” ይላሉ።

አንድ ጠዋት ካኪ የለበሱ ሦስት ጓዶች ደብተር ይዘው ገቡ።

“ሊያባርሩ ነው የመጡት” አለች ብርቄ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

ወሬው ከጫፍ እስከ ጫፍ በረረ። ሴቱ ሁሉ ውዳቂውን በእፍኙ፣ በነጠላው፣ በእግሩም እየገፋ ወደ አዴ ዘይነባ አሳለፈ። ጓዶቹ እኛ ዘንድ ሲደርሱ የአዴ ዘይነባ ክምር ከጉልበታቸው አልፏል። የእኛ ፊት ለፊት ግን ለሠርግ እንደተጠረገ ደጅ ባዶ ነው።

ለካስ ሊያባርሩ አልነበረም የመጡት። ደብዳቤ ደርሷቸው ኖሯል፤ ከሰፊው ሕዝብ የወጣች አንዲት ኮከብ ሠራተኛ እስከ ሐሙስ ትቅረብ የሚል። ከሦስቱ አንዱም በዕድሜው ቡና ለቅሞ አያውቅም። ክምሩን አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ ጻፉ። አለቀ።

እኛስ? እኛማ ሁላችንን ማሰናበት ስላልተቻለ በስንፍና ተከሰን ሂስና ግለ ሂስ ተቀመጥን። ብርቄ ተነሥታ “የንዑስ ከበርቴ ስንፍና ስለተጠናወተኝ ራሴን አወግዛለሁ” ስትል፣ ሳቄን ለማፈን የነጠላዬን ጫፍ ነከስኩ።

ሽልማቱ በሚሰጥበት በዓል ቀን አዴ ዘይነባን ደግፌ መድረክ ላይ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። ጭብጨባው አዳራሹን ሲያናውጠው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

“ልጄ፣ ደረቴ ላይ የሰኩብኝ ማሊ? ምንድነው?”

“ሜዳልያ ነው፣ አዴ።”

“ወላሂ? እኔ እኮ ሊያስሩኝ ምልክት ያደረጉብኝ መስሎኝ!”

ሳቅን። ሳቃችን ግን ሳምንት አልቆየም። ኮከብ ሠራተኛ መሬት ላይ ተቀምጣ ቡና አትለቅምም ተባለና ሹመት መጣ። ጓድ ዘይነባ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆነዋል! እንግዲህ አስቡት። በዚያን ጊዜ ተቆጣጣሪ ፈርሞበት የወጣ ቡና አዲስ አበባ ደርሶ መጥፎ ሆኖ ቢገኝ ስሕተት አይባልም፤ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው። በአሻጥር የተያዘ ሰው የት እንደሚገባ ታውቃላችሁ፤ ካላወቃችሁም እሰየው።

እጃቸውን ይዤ ቢሮ ድረስ ሄድን።

“ልጄ፣ እኔ አላይም” አሉት የሦስቱን ጓዶች ዋና።

“ትሕትና የኮከብ ሠራተኛ መለያ ነው” አለ ጓዱ ፈገግ ብሎ።

“ኧረ ዓይኔ ታሟል ነው የምልህ! ጣትህን ብትዘረጋልኝ አልቆጥረውም!”

ጓዱ ወደ ጸሐፊዋ ዞረ። “የሥልጣን ጥማት የሌለባቸው መሆኑ ይመዝገብ።”

አዴ ዘይነባ ተመልሰው አዲሱ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ሁላችንንም ጠሩን። “ክምሩን የቆለላችሁት እናንተ ናችሁ” አሉ። “እኔ ብታሰር እነዚያን ልጆች ማን ያሳድጋል? ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንድሽ የለቀምሽውን ይዘሽ ትመጪና፣ በልጅሽ ምለሽ ታስረክቢኛለሽ።”

እንዳሉትም ሆነ። አስምለውን ሲያበቁ ከጆንያው እፍኝ ዘግነው በአውራ ጣታቸው ያሻሉ፣ ያሸታሉ፣ አንዲቷን ፍሬ በጥርሳቸው ነከስ ያደርጋሉ። ከዚያ ፍርዱ ይሰጣል፤ ወይ “ይለፍ”፣ ወይ “ይመለስ”። “ይመለስ” ካሉ ያ ሁሉ ጆንያ እንደገና ይዘረገፋል። አጥርቶ የሚያይ አለቃ ቆሞብን ያላደረግነውን ለእሳቸው አደረግን፤ አንዲት ጥቁር ፍሬ አላለፈችም። ከአዲስ አበባም የምስጋና ደብዳቤ መጣ።

ምስጋናውን ተከትሎ ሌላ ሜዳልያ ወረደ። ለማን አትሉኝም? ለመጋዘኑ ኃላፊ! አንድ ጆንያ አፉን ፈትቶ ላላየው ሰውዬ፣ ጥራትን በላቀ ደረጃ ስላሻሻለ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ደግሞ የሚያስደነግጠኝ ነገር አይኖርም ብዬ ነበር፤ ለካ ድንጋጤም አያልቅም።

በማግስቱ ኃላፊው ደረቱን ነፍቶ በየመደዳችን ሲዞር አረፈደ። አዴ ዘይነባ ወንበር ዘንድ ሲደርስ ሜዳልያውን ነቅሎ መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው።

“እርስዎም ይዩልኝ እንጂ፣ ጓድ ዘይነባ።”

አዴ ዘይነባ በአውራ ጣታቸው አሹት። አሸተቱት። ጠርዙን በጥርሳቸው ነከስ አደረጉት።

“ይመለስ” አሉ።

እኛ አንገታችንን ደፍተን ለቀማችንን ቀጠልን።