የኡሙልኸይር ድምፅ ሲታመቅ

(መጀመሪያ የሚሰማው፣ ዱሮ ካሴት ሊጀምር ሲል ያሰማው የነበረው ያ እሽሽታ ነው። ቀጥሎ ዐረብ አገር ለሥራ የሄደች የአንዲት ኮረዳ ድምፅ፤ «እማዬ፣ አብሽሪ፣ ደህና ነኝ...»። ይቋረጣል። መካነ ሰላም፤ የአራጌ የቀድሞ ካሴት ቤት። ውጭው ጭጋግ ነው። ወጣቱ አሕመድኑር ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል። ሽማግሌው አራጌ ጋቢ ደርበው፣ እጃቸውን ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሰድደዋል።)

አሕመድኑር፦ እጅዎን ያንሱ አልኩ እኮ፣ ጋሼ!

አራጌ፦ ጠረጴዛው ይነቃነቃል፤ ደግፌው ነው።

አሕመድኑር፦ ሊሞት የደረሰው ኮምፒውተሩ ነው እንጂ ጠረጴዛው መች ሆነ! ኡሙልኸይር በኮረዳነቷ ከዐረብ አገር ለእናቷ የላከችው ካሴት እንደሆነ ተበጣጥሷል፤ የቀረው እዚህ የገለበጥነው ብቻ ነው። ዛሬ ባክአፕ፣ ማለት ሌላ ቅጂ፣ ካልያዝንለት ነገ በልጇ ሠርግ ምን ልታሰማ ነው?

አራጌ፦ እኔንጃ። አንተ ታውቃለህ።

አሕመድኑር፦ አውቃለሁ! መጠኑ እንዲያንስ አምቄ ፍላሽ ላይ እጭነዋለሁ።

አራጌ፦ ስታምቀው ልጅቱ አትታፈንም?

አሕመድኑር፦ ላ ሐውለ! ድምፅ ነው ጋሼ፣ አይተነፍስም።

አራጌ፦ ልጄ ሰብሌ ግን ከደሴ የመጣች ጊዜ፣ የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ላይ «አይታመቅ» ብላ ጽፋለች።

አሕመድኑር፦ እሱ የተጻፈው ለማያውቅ ሰው ነው። እኔ እዚህ ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዙን በእጄ ስጽፍ፣ የማስተካከያው ቃል ይሻራል።

አራጌ፦ ተጽፎ እያለ?

አሕመድኑር፦ ለዛሬ ብቻ። የሷ ጽሑፍ እንዳለ ይቀመጣል፤ የሚሠራው ግን የኔ ቃል ነው።

አራጌ፦ እንደ እድራችን በለኛ። ደንቡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ የሚሆነው ግን ሰብሳቢዋ ወይዘሮ በለጡ በዕለቱ ያሉት ነው።

አሕመድኑር፦ አሁን ገባዎት! (ይጽፋል።) እንዲያውም በመጨረሻው ኃይል እመቅ ብዬዋለሁ።

(ኮምፒውተሩ እንደ ወፍጮ ያጓራል።)

አራጌ፦ እሰይ! ከዚህ የሚብስ የለም?

አሕመድኑር፦ መጨረሻው ነው አልኩዎት።

አራጌ፦ ቢሆንም እስቲ ትንሽ ጨምርለት።

አሕመድኑር፦ ምን ነክቶታል? ይህን ያህል እያጓራ ፋይሉ ቅንጣት አልቀነሰም!

አራጌ፦ አብሽር፣ ድገመው።

(መብራት ይጠፋል። ማጓራቱ ጸጥ ይላል።)

አሕመድኑር፦ ያ አላህ! ግማሽ ላይ! ከእንግዲህ ይነሳልኝ ይሆን? ኡሙልኸይርን «እኔ አለሁልሽ» ብያት ነበር እኮ! በምን ዓይኔ አያታለሁ?

አራጌ፦ (የጋቢያቸውን ጫፍ ፈትተው ፍላሽ ያወጣሉ።) በል ይህን ስጣት።

አሕመድኑር፦ ምንድን ነው?

አራጌ፦ የኡሙልኸይር ድምፅ። ጠዋት ሰብሌ በስልክ ንካ ያለችኝን ነካሁ፤ እንደተጻፈው፣ ሳይታመቅ ገባ። ቀድሞውንም የታመቀ ነው፤ ከዚህ አይቀንስም አለችኝ። ቦታም ተርፎታል።

አሕመድኑር፦ ፍላሽ አይበቃውም ብዬ እኮ ነው!

አራጌ፦ ለክተኸው ነበር?

(አሕመድኑር ፍላሹን ይቀበላል።)

አራጌ፦ የተጻፈው ለማያውቅ ሰው ነው አላልክም? እኔም አላውቅም፤ የተጻፈውን ሠራሁ።

አሕመድኑር፦ ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አሉኝ?!

አራጌ፦ (እጃቸውን ከኮምፒውተሩ ጀርባ አውጥተው እያፋተጉ) የወሎ ቦረና ብርድ ነዋ፣ ልጄ! አንተ በኃይል ባመቅህ ቁጥር በጀርባው የሚወጣው ሙቀት... ጣቶቼ ገና አሁን ተፍታቱ። መብራት ሲመጣ ያችን ትእዛዝ ትደግምልኛለህ?

(በሩ ሲንኳኳ አራጌ ቀና ይላሉ። ነፋሱ ነው። ወንበሩ ባዶ ነው፤ ፍላሹም የለም። አሕመድኑር ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል ወጥቷል።)