ሸንጎ የነበረው እንትን

ቃልም እንደ ሰው ከሹመቱ ይወርዳል። ጀርመኖች ስሙ የጠፋባቸውን ዕቃ ሁሉ «ዲንግ» ይሉታል፤ እኛ «እንትን» እንደምንለው ማለት ነው። የመጋረጃው ዲንግ፣ የአምፖሉ ዲንግ፣ ያ ዲንግ። እኔንም ፍራንክፈርት ላይ ቋንቋው ሲያልቅብኝ ስንት ጊዜ ከጉድ አውጥቶኛል። ይህ ተላላኪ ቃል በደጉ ዘመኑ ባለማዕረግ እንደነበረ ያወቅኩት ግን ቤቴን ላጣ ጥቂት በቀረኝ ሰሞን ነው።

የምንኖረው ኖርድቬስትሽታት የሚባል ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ነው። ቤቱን ያገኘነው ሦስት ዓመት ሙሉ ማመልከቻ ስንጽፍ ከርመን ስለሆነ ግድግዳውን እንኳ በአክብሮት ነው የምናየው። ልጆቼ ግን ወለሉን አያከብሩም። ከእኛ በታች የሚኖሩት ጡረተኛው ሄር ክሌም፣ እሁድ እሁድ የሚረገጠው ጣሪያቸው ቢያስመርራቸው፣ በበራችን ሥር ደብዳቤ አስገቡ፤ አንድ እሁድ ከተደገመ ለአከራዩ እንደሚጽፉ። ባለቤቴ ስንዱ ሁለት ጊዜ አንብባው ቁጭ አለች። እኔ ፈራሁ። አትፍረዱብኝ፣ ስፈራ የማስበው እንደ አገሬ ሰው ነው፤ ሽማግሌ ላክሁ።

ጋሽ ተሰማ ሆኽስት ፋብሪካ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ጀርመንኛቸው የማያሳፍር አዛውንት ናቸው። ሁለት እኩዮቻቸውን አስከትለው፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባታቸውን አጥብቀው መጡ። መቼ? እሁድ ከሰዓት በኋላ። የእሁድ ዕረፍቴን ተነፈግሁ ያለን ሰው ለማስታረቅ፣ ሳይነገረው፣ በእሁድ። እኔ ይህን ያሰብኩት አብሬያቸው ወርጄ ደወሉ ከተደወለ በኋላ ነው።

ሄር ክሌም በነጠላ ጫማ ብቅ አሉ። መጀመሪያ የጠየቁት ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ እንዳለን ነው። የለንም። ቢሆንም ሦስት አዛውንት በር ላይ ማቆም ከበዳቸውና አስገቡን፤ ቁጭ በሉም አሉ። ጋሽ ተሰማ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

«የመጣንበትን እሺ ሳይሉን አንቀመጥም» አሏቸው።

ሰውየው ከላይ እስከ ታች አዩን። ሳሎኑ ከወለል እስከ ጣሪያ መዝገበ ቃላት ነው፤ ለካ የጥንታዊ ጀርመንኛ መምህር ኖረዋል። ፊታቸው ቀስ እያለ በራ። ዲንግ ጥንት ሸንጎ ነበር አሉን፤ ሰዎች ተሰብስበው ጠብ የሚዳኙበት። ቆይቶ የሚዳኘው ጉዳይ ራሱ ዲንግ ተባለ፣ ከዚያ ማንኛውም ነገር። ዛሬ ሳሎናቸው ውስጥ ዲንግ እንደተሰየመም ነገሩን። ደስ አለኝ። እንዲያውም ኮራሁ፤ እናንተ የጣላችሁትን እኛ ይዘን ተገኘን ልል አፌን ከፈትኩ።

«ከሸንጎም በፊት ግን» ብለው ቀጠሉ፣ «ቃሉ የተወሰነ ጊዜ ማለት እንደነበር ይገመታል። ቀጠሮ ማለት ነው።»

አፌን ዘጋሁ።

እርቁ ወረደ። ሄር ክሌም እሁድ እሁድ ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ኒዳ ወንዝ ዳር ሊንሸራሸሩ፣ ልጆቹ በዚያች ሰዓት እንደልባቸው ሊዘሉ፣ በቀረው ሊያርፉ ተስማማን። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ ኬክም በላን። ጋሽ ተሰማ እስከ ዛሬ በየሄዱበት ሽምግልና ጀርመንን አሸነፈ ይላሉ። አልቃወማቸውም፤ ቤቴ ውስጥ ነኝ፣ ደስተኛም ነኝ።

ባለፈው እሁድ ዝናብ ነበር። አሥር ሰዓት ሞላ፣ የታችኛው በር አልተከፈተም። የሰባት ዓመቷ ልጄ ማርታ ሰዓቱን አየችና ደረጃውን ወርዳ ደወለች። ልከለክላት ተከትያት ስደርስ ሄር ክሌም በነጠላ ጫማ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ሄር ክሌም» ትላቸዋለች በጀርመንኛ፣ «ቴርሚን አለን እኮ።»

እሳቸውም ሰዓታቸውን አዩ፣ ይቅርታ ጠየቋት፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ።