ሲስተር አልማዝና የዝውውር ማመልከቻዋ

ሰው ክፍል ስለቀየረ ሥራው የሚጥመው ይመስላችኋል? የጅጅጋዋ ነርስ፣ ሲስተር አልማዝ፣ እንደዚያ ታምን ነበር። ከድንገተኛ ወደ ዓይን፣ ከዓይን ወደ ክትባት፤ በየዓመቱ ማመልከቻ፣ በየዓመቱ «አሁንስ አገኘሁት!»። በመጨረሻ ማዋለጃ ገባች።

እኔ ካርድ ክፍል ነኝና ጉዱን አይቻለሁ። አንድ ጠዋት የደም ግፊት ታካሚው ሽማግሌ፣ በሶማሊኛ «አዴሮ»፣ አጎቴ፣ የምንላቸው አብዲ፣ ሽርጣቸውን ታጥቀው ከነፍሰ ጡሮቹ ወረፋ መሀል ቁጭ ብለዋል። ሴቶቹ በሳቅ ሊወልዱ ምንም አልቀራቸው!

«አዴሮ፣ ይሄ እኮ ማዋለጃ ነው!» አለቻቸው ሲስተር አልማዝ።

«አውቃለሁ ልጄ። ዓይን ክፍልም፣ ክትባትም የለካሽኝ አንቺ ነሽ። ሌላ ሰው ሲለካኝ ግፊቴ ይጨምራል።» ክንዳቸውን ዘረጉላት። «ቀጥሎ የምንዛወረው የት ነው?»

አልማዝ ኪሷ የነበረውን አዲስ ማመልከቻ አጣጥፋ ከሚወላገደው ጠረጴዛ እግር ሥር ወሸቀችና፣ ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ ለካቻቸው።

ጠረጴዛው ከዚያ ወዲህ አልተነቃነቀም። እሷም።