ታርጋ የሌለው ቃሬዛ

ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ብርዱ አጥንት በሚፈልጥበት ኮረብታ ላይ፣ ለአዲስ ነገር ያለው ፍቅር የማይነጥፍ አንድ የጦር ካምፕ አለ። የሚጠራጠር ቢኖር በሩ ላይ «ፈጠራ የሠራዊታችን ደም ሥር ነው» የሚለውን ባነር ያንብብ።

በዚህ ካምፕ ወታደር ሲታመም አራት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው፣ በጭቃው እየተንሸራተቱ እስከ አስፋልቱ ያወርዱታል። ብዙ ጊዜ አምስት በሽተኛ ሆነው ይደርሳሉ።

የካምፑ ጤና ክፍል ኃላፊ የመቶ አለቃ ሕይወት ይህን የከበረ ልማድ ደፈረች። ከከተማ አሮጌ የባጃጅ ጎማ ገዝታ ከቃሬዛው ሥር አስበየደች። ሁለት ሰው ብቻ በሽተኛውን ሳያንገላታ ገፍቶ አወረደው። ወታደሮቹ አጨበጨቡ፤ ጥፋቷም ከዚያ ጀመረ።

የካምፑ አዛዥ ኮሎኔል ደሳለኝ ወዲያው ኮሚቴ ሰበሰቡ፤ ሕይወትንም አስጠሩ።

«ይኼ ነገር ጎማ አለው?»

«አለው፣ ጌታዬ።»

«ጎማ ካለው ተሽከርካሪ ነው። ታርጋውስ?»

«ቃሬዛ እኮ ነው፣ ጌታዬ።»

«ቃሬዛ ከሆነ ጎማ ምን ይሠራለታል? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ የእኔ ልጅ።»

ኮሚቴው በጥያቄው ጥልቀት ተደንቆ ለሻይ ተነሣ። ከሻይ መልስ ጉዳዩ ለትራንስፖርት ክፍል ተመራ። ትራንስፖርት «የሚጭነው በሽተኛ ነው» ብሎ ለጤና ክፍል መለሰው። ጤና ክፍል ማለት ሕይወት ናት፤ ብትፈቅድ የራሷን ሥራ ራሷ አጸደቀች ተብላ ልትከሰስ ነው። ቃሬዛው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

በሐምሌ ኮሎኔሉ ስለ ፈጠራ ንግግር ሊያደርጉ ወደ መድረክ ሲወጡ ጭቃው አዳለጣቸው፤ እግራቸው ተሰበረ። ሕይወት ማንንም ሳትጠይቅ ባለጎማውን እየገፋች ደረሰች።

«ኧረ ታርጋ የለውም!» አሉ ምክትላቸው ሻለቃ መርሻ።

«ዝም በል አንተ! ግፉኝ!» አሉ ኮሎኔሉ።

ሆስፒታል ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ እግሩ አይተርፍም ነበር» አላቸው። ኮሎኔሉ የሕይወትን እጅ ይዘው አለቀሱ። እሷም ምስኪን፣ ነገሩ አለቀ ብላ ደስ አላት።

ኮሎኔሉ በምርኩዝ ሲመለሱ ሠራዊቱን ሰበሰቡ። «ይህ ቃሬዛ የካምፓችን ኩራት ነው» አሉ። «እንደ ተራ ዕቃ አይንገላታ። መጋዘን ገብቶ ይቆለፍ፤ ከኮሎኔል በታች የሆነ አይሳፈርበት።» ሁለት ዘብም ተመደበለት፤ ዘቦቹ የተመረጡት ከአራቱ ቃሬዛ ተሸካሚዎች ነው።

«ታዲያ ወታደር ሲታመም ማን ያውርደው፣ ጌታዬ?» አለች ሕይወት።

ኮሎኔሉ በምርኩዛቸው ወደ ታች አሳዩዋት።

«ቁልቁለት እኮ ነው፣ ልጄ» አሉ በርኅራኄ፤ «እንደ ምንም ይወርዳል።»