ምሳ በአውራ ጣት

የጦር ሰፈሩ የምግብ አገልግሎት ማዘመኛ ኮሚቴ አራተኛ ስብሰባ

ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡00
ቦታ፦ የመኮንኖች ክበብ፣ ምንጣፍ ያለበት ክፍል
የተገኙ፦ ሰብሳቢው ኮሎኔል፣ የንብረት ክፍሉ ሻለቃ፣ የኮምፒውተር ባለሙያው፣ እኔ ጸሐፊው አሥር አለቃ
ያልተገኘ፦ የወታደሮች ተወካይ (ምሽግ ቁፋሮ ላይ)
ለማስረዳት የተጠሩ፦ ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ጭልፋ» የሚላቸው የወጥ ቤት ኃላፊ
ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል ተብሏል፤ ማን እንደቆጠረ አልተመዘገበም።

አጀንዳ 1፦ የጣት አሻራ መሣሪያው ያስገኘው ውጤት

ሻለቃው መሣሪያው በምግብ አዳራሹ በር ከተተከለ ወዲህ የዳቦ ፍጆታ በግማሽ መቀነሱን በኩራት ገለጹ። እትዬ ጭልፋ ሳይፈቀድላቸው «የቀነሰውማ ልጆቹ ስላልበሉ ነው» አሉ። አካፋ የላጠውን ጣት መሣሪያው እንደማያነብ፣ ቆፋሪዎቹ ባዶ ሆዳቸውን እንደሚመለሱ አስረዱ። ባለሙያው ጥፋቱ የጣቱ እንጂ የመሣሪያው አለመሆኑን አብራራ። ከረጅም ውይይት በኋላ ወታደሮች ጣታቸውን በቅባት እንዲያለሰልሱ ተወሰነ። ቅባቱ ከየት እንደሚመጣ አልተነሣም።

አጀንዳ 2፦ ያለ አሻራ ስለተጨለፈ ሾርባ

እትዬ ጭልፋ ትናንት ሰባ ሁለት ቆፋሪዎችን ያለ አሻራ መመገባቸው ተነበበ። አልካዱም። «የራበው ሰው ፊቱ ያስታውቃል፤ ማንበብ እኔንም አያቅተኝም» ብለዋል። ኮሎኔሉ ሠራዊት የሚጠግበው በሥርዓት መሆኑን አሳሰቡ። እትዬ «እንግዲያው ነገ ሥርዓት እቀቅላለሁ» አሉ። እዚህ ላይ ጸሐፊውን ሳል ያዘው።

እትዬ ጭልፋ መሣሪያው ያላሳለፈውን ማንንም ቢመግቡ ከሥራ እንዲሰናበቱ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገሉ ሴት ናቸው፤ እያፈርኩ ጻፍኩ። ኋላ የሚክድ እንዳይኖር በኮሎኔሉ ትእዛዝ ሁላችንም በፊርማ ፈንታ አውራ ጣታችንን በማኅተም ቀለም ነክረን አተምን። 6፡30 ላይ ለምሳ ተነሣን።

አጀንዳ 3፦ (በአዳራሹ በር ላይ፣ በቁም የተያዘ)

መሣሪያው የተመዘገበለት አውራ ጣት ብቻ ነው፤ ቀለም የነካውን አላነብም አለ። በሳሙና ተሞከረ፣ በጋዝ ተሞከረ። ሻለቃው ምራቃቸውንም ሞከሩ። ኮሎኔሉ «እትዬ፣ እኛን እኮ ያውቁናል» አሉ። እትዬ ጭልፋ «እኔማ አውቃችኋለሁ ጌታዬ፤ ግን ሥራዬን እፈልገዋለሁ» ብለው ድስቱን ከደኑት። ቆፋሪዎቹ ከኋላችን ተሰልፈው ያዩናል።

ከአጭር ውይይት በኋላ በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው በሙሉ እንዲሻር፣ መሣሪያው እንዲነቀል፣ በሩ ላይ የቆመ ሁሉ እንዲበላ ተወሰነ። እትዬ በጽሑፍ ይሁንልኝ አሉ፤ ግድግዳ ተደግፌ ጻፍኩላቸው። አንብበው ሲጨርሱ ድስቱን ከፈቱና ቆፋሪዎቹን አስቀደሙ።

ስብሰባው 7፡10 ላይ ተዘጋ። ለኮሚቴው ዳቦ አልደረሰውም።