ሳያስፈቅዱ

በሜልበርን ከተማ የጥበብ ሸክም ያረፈው በክላይቭ ሃተርስሊ ትከሻ ላይ ነበር። ክላይቭ የመንገድ ፎቶ አንሺዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነው፤ የማኅበሩን ብቸኛ ደንብ ያረቀቀውም እሱው ነው፦ «የሚነሣው ሰው መነሣቱን አይወቅ። ያስፈቀደ ጥበብን ገደለ።» ክፋቱ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የማኅበሩ ዓመታዊ ውድድር ዋንጫ ስላመለጠው አባላቱ ያጉረመርሙ ጀመር። ማክሰኞ ደግሞ ውድድሩም የሊቀመንበር ምርጫውም አለ።

ስለዚህ ቅዳሜ ካሜራውን አንጠልጥሎ ከዶሪን ቭላሆስ ጋር ወጣ። ዶሪን አዲስ አባል ናት፤ ነውሯ ከሰው ጋር ማውራቷ ነው። ዳቦ ጋጋሪውን ጉልበቱ ተሻለው እንደሆነ ትጠይቃለች፣ የትራም ነጂዋን የልጅ ልጅ ስም ታጠናለች፤ ከዚያ «አንድ ላንሣህ?» ትላለች። ክላይቭ በሐዘን ራሱን ይነቀንቃል።

አንዲት ጠባብ መንገድ ሲደርሱ ግድግዳው ላይ ጥሩ ፀሐይ አርፋለች። ክላይቭ ባርኔጣ ያደረገ ሰው በብርሃኑ እስኪያልፍ ሊጠብቅ በርከክ አለ።

«ባርኔጣ የሌለውስ?» አለች ዶሪን ከኋላው።

«ባርኔጣ የሌለው ተራ መንገደኛ ነው።»

አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቀ። ከጀርባው አንዲት የባሕር ወፍ የአንድ ጠበቃ ድንች ጥብስ ነጥቃ በረረች፤ ጠበቃው ከረባቱ እየተውለበለበ ሲያሳድዳት ወደቀ፤ ሙሽሮች ተጣልተው፣ ተላቅሰው ታረቁ። ክላይቭ አልዞረም። ትዕግሥት መራራ ናት፣ ፍሬዋ ግን ጣፋጭ ነው ይባላል፤ ባለ ባርኔጣው ሲመጣ ፀሐይዋ ሄዳ ነበር።

ማክሰኞ ስም ያልተጻፈባቸው ፎቶዎች ተደረደሩ። አባላቱ አንዱን ከበው ይስቃሉ፦ ወፏ፣ የወደቀው ጠበቃ፣ ሙሽሮቹ፤ ከሁሉ ባሻገር ጀርባውን ሰጥቶ ግድግዳ ላይ ያፈጠጠ ሰው። ክላይቭ አስተዋይነቱን ሊያሳይ ተነሣ።

«ይህን ምስኪን እዩት! ዓለም ከኋላው ትተራመሳለች፣ እሱ ግድግዳ ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ፍጹም ደንቆሮ በዕድሜዬ አላየሁም። ዋንጫው ለዚህ ይሁን። ማነው ግን ሰውየው?»

«አንተ ነህ፣ ክላይቭ» አለች ዶሪን።

የገዛ ጀርባውን የሚያውቅ ማን አለ? ክላይቭ ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«ሳታስፈቅጂኝ?»

እዚያው በቆመበት አዲስ ደንብ አቀረበ፦ ማንም ሰው ሳይፈቅድ አይነሣ። ንግግሩ ልብ የሚነካ ስለነበር ሁለት አባላት አለቀሱ። የዶሪን ፎቶ በአዲሱ ደንብ ከውድድር ወጣ፤ ክላይቭም ለሰው ልጅ ክብር በመቆርቆሩ በሙሉ ድምፅ ሊቀመንበር ሆኖ ተመረጠ።