ሽማግሌ የሄዱት ሜዳልያዎች

ሰው ሽማግሌ ሲመርጥ አንደበት ያያል። እኔ ደረት አየሁ። በምርጫዬ ዛሬም እኮራለሁ፤ ምንም እንኳ የዚያን ዕለት ለጥቂት ጊዜ ክፉኛ ብጠራጠርም።

አጎቴ ጋሼ ሰይድ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የጦር መርከብ ሞተር መካኒክ ነበሩ። በጦርነቱ ጊዜ ላገለገሉትም ሁለት ሜዳልያ ተሰጥቷቸዋል። የባሕር ሜዳልያ ከተማችን መካነ ሰላም ውስጥ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ የእኛ ትልቁ ውሃ አባይ ነው፣ እሱም ቢሆን ገደል ሥር ተደብቆ ያልፋል። ግን የራሱ ሚዛን የቀለለበት ሰው ያገኘውን ይጭናል። በቅሎ «አባትህ ማነው?» ቢሉት «ፈረስ አጎቴ ነው» ያለው ወዶ መሰላችሁ? ምናልባት እሱም ሽማግሌ ሊልክ አስቦ ይሆናል።

ላገባት የፈለግኋት የዘሀራ አባት ጋሽ እንድሪስ ከእኔ በፊት የመጡ ሽማግሌዎችን መልሰዋል። ስለዚህ አጎቴን ሜዳልያዎቹን ኮታቸው ላይ እንዲያደርጉ ለመንኳቸው። «እኔን ነው የምትድረው ወይስ ራስህን?» አሉኝ። አደረጉት ግን። ቀጥ ብለው መሰካታቸውን አየሁ፤ ተጠራጥሬ ደግሜ አየሁ።

ልማዳችን አግቢው ከሽማግሌዎቹ ጋር እንዲገባ አይፈቅድም። ከቆርቆሮ አጥር ውጭ ስለ መቆም ግን የሚለው ነገር የለም። ቆምኩ።

ሰላምታውና ምርቃቱ እንዳለቀ ጋሽ እንድሪስ ያ የሚያብረቀርቀው ምን እንደሆነ ጠየቁ። አጎቴ ነገሯቸው። ለካስ ጋሽ እንድሪስ እዚያው ምጽዋ እግረኛ ወታደር ነበሩ! ያ የሚያነክሱበት እግራቸውም የተመታው እዚያ ነው። ስንቱን ጠይቄ ስጨርስ ይህን እንዴት ሳልጠይቅ ቀረሁ?

«እኔ ጥይት በልቼ አንዲት ብጣሽ ጨርቅ አልተሰጠኝም» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «እርስዎ መርከብ ሆድ ውስጥ ተቀምጠው ስንት ጠላት ጣሉ?»

አጎቴ ማንንም እንዳልጣሉ፣ እንዲያውም ጠላት የሚባለውን በዓይናቸው እንዳላዩ ተናገሩ። ላይ ሲተኮስ እሳቸው ታች ዘይት ይመለከቱ ነበር። ወላሂ፣ አጥሩን ልነክሰው ምንም አልቀረኝ! ሽማግሌ ለማስማማት ትንሽ ቢጨምር ማን ይቀየመዋል? አንዲት ጀልባ ቢያሰምጡ ምን ነበረበት?

«ታዲያ ለምኑ ነው የሸለሙዎት?»

አጎቴ መልሰው ጠየቁ። «እርስዎ ቆስለው በምን ወጡ?»

«በመርከብ ነዋ።»

«ደረሱ?»

«ይኸው!»

«ለሱ ነው» አሉ አጎቴ።

ጋሽ እንድሪስ ያቺ መርከብ የአጎቴ መርከብ ትሆን እንደሆነ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ። አጎቴ እንደማያውቁ መለሱ፤ ማን እንደተሳፈረ ከሞተር ክፍል አይታይም። ይሄኔ ጋሽ እንድሪስ ሳቁ። ለልጃቸው የማይዋሽ ዘመድ ማግኘታቸውን ተናግረው «ሰጥቻለሁ» አሉ። አንድ ነገር ብቻ ፈለጉ፦ ለሠርጉ አንደኛውን ሜዳልያ እሳቸው ሊያደርጉት። አጎቴ እዚያው ትልቁን ነቅለው ሰጧቸው።

ሠርጉ አማረ፤ ዘሀራም ቤቴ ናት። ሜዳልያው ግን እስካሁን ከአማቴ ደረት አልወረደም። የከተማው ሰው ስለ መርከብ ሞተር ለማወቅ ሲፈልግ የሚጠይቀው እሳቸውን ሆኗል፤ እሳቸውም ሳይሰስቱ ያስረዳሉ። በቀደም ዕለት ሞተሩ እንዴት እንደሚነሣ ሲተርኩ አጎቴ አንዲት ነገር ሊያርሙ ሞከሩ።

«እርስዎ ደግሞ» አሏቸው አማቴ፣ «ታች ሆነው የት አዩት?»